ከቤተሰብ ጋር ወደ ጣና ደሴቶች ለመሄድ ለሚያስቡ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በደብረ ማርቆስ ከተማ ከሚኖሩት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ባሕር ዳርን ረግጦ የማያውቅ ጥቂት ነው። ለስብሰባ ይጠራል፤ ለሥልጠና ይላካል፤ የሒሳብ መዝገብ ይዞ፣ የሥራ ዘገባ ተሸክሞ ይመላለሳል። ነገር ግን ምን አየህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአዳራሹን ወንበር፣ የሆቴሉን አልጋና የአበሉን መፈረሚያ ወረቀት ከመጥቀስ በቀር ስለ ሐይቁ የሚናገረው ብዙ አይደለም። ማታ ከስብሰባ ሲወጣ ከዳር ቆሞ ውሃውን ተመልክቶ ይሆናል። በውሃው ላይ ተጉዞ ከደሴቶቹ በአንዱ የወረደው ግን ከብዙው ጥቂቱ ነው። ባለቤቱና ልጆቹ ደግሞ ባሕር ዳርን የሚያውቁት አባትየው በተመለሰ ቍጥር ይዞላቸው በሚገባው ዕቃ ብቻ ነው። ልጆቻችን የጣናን ርዝመትና ስፋት በቃላቸው አጥንተው ለፈተና ይጽፋሉ፤ ውሃው ግን ምን ምን እንደሚል፣ ጠዋት ምን መልክ እንዳለው አያውቁም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐይቁ ከቤታችን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ ነው። በዛሬው ንግግሬ፣ ከቤተሰብ ጋር ወደ ጣና ደሴቶች ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያሰናዳው የሚገባውን ነገር ለመግለጽ አስቤያለሁ።

ያልሄድነው በገንዘብ እጥረት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው፤ ስለ እርሱም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ከገንዘቡ በፊት ግን የዓመት ዕረፍታችን ራሱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1064፣ አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት አንዳንድ ቀን እየተጨመረለት፣ በጠቅላላው ከ30 የሥራ ቀን ያልበለጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። 20 የሥራ ቀን ማለት ቅዳሜና እሑድ ሲታሰብ አራት ሳምንት ሙሉ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዕረፍት በሙሉነቱ ያየው ማን ነው? ሁለት ቀኑ ለለቅሶ ይሄዳል፤ ሦስት ቀኑ ለሠርግ፤ አንዱ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፤ አምስቱ አገር ቤት ላሉ ወላጆች እህል መሰብሰቢያ፤ የቀረው ለቤት ጭቃና ለአጥር ይሆናል። በጎጃም ምድር ለለቅሶ አትድረሱ የሚል ምክር የሚሰጥ ተናጋሪ የለም፤ ቢኖርም የሚሰማው አያገኝም። የምለው ይህ ነው፤ ከሃያው ቀን አምስቱ ተከታታይ ሆኖ፣ ለማንም የማይሰጥ የቤተሰብ ድርሻ ተብሎ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ይለይ። አምስት የሥራ ቀን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ሰንበቶች ጋር ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ለዚህ ጉዞ ከዘጠኙ አምስቱ ወይም ስድስቱ ይበቃል፤ ተመልሶም በቤት ውስጥ የሚታረፍበት ይተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜውን መምረጥ ነው። ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነውና ብዙ ሰው ሐሳቡን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይጥላል። እኔ ግን ይህን አልመክርም። በዚያ ወራት ዝናቡ ለጉዞ አይመችም፤ ሐይቁም ማዕበል ያበዛል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አገሩ በእርግጥ ያምራል፤ ነገር ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በቆላውና በሐይቁ ዳር ወባ የሚበረታበት ነው። በእኔ አስተያየት ለቤተሰብ የሚሻለው የትምህርት ቤት የግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚውልበት የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ ነው። ሰማዩ የጠራ፣ ጠዋቱ የተረጋጋ፣ መንገዱም ደረቅ ይሆናል። የጥምቀት እንግዳም በዚያን ጊዜ ወደየቤቱ ተመልሷልና ማረፊያ ማግኘት አይቸግርም። ዐቢይ ጾም አንዳንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሚገባ ባሕረ ሐሳቡን ማየት ይገባል፤ ጿሚ ቤተሰብ የምግቡን ነገር አስቀድሞ ያስብበት ዘንድ ነው።

እንግዲህ ጥር ከተመረጠ፣ ማመልከቻው የሚጻፈው በጥር አይደለም። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀመር የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ የዕረፍት ፕሮግራም ያወጣል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ስሙን በጊዜው ያላስመዘገበ ሰው፣ በጥር ወር ሄዶ «ልጆቼ ዕረፍት ላይ ናቸው» ቢል፣ «ተተኪ የለህም» የሚል መልስ ቢያገኝ አለቃውን ሊወቅስ አይገባውም። ከሐምሌ እስከ ጥር ድረስ ደግሞ ሰባት ደመወዝ አለ። ከሰባቱ ከያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ ለብቻው ከተቀመጠ፣ የጉዞው ወጪ በአንድ ወር ላይ ወድቆ ቤቱን አያናጋም። ዕቍብ የለመደ ሕዝብ ይህን ለማድረግ ከሌላ የሚማረው ነገር የለም። ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑ ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው በአንድ ሳምንት ላይ መመዝገባቸውን እርግጠኛ ይሁኑ። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ብዙ ዕቅድ ያፈርሳል።

ስለ መንገዱ ስናነሣ ሳይነገር መታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ በዚሁ መንገድ ሲጓዝ ድንገት መንገድ ተዘግቶበት በማያውቀው ከተማ ያደረ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት፣ ደግሞም በዋዜማው፣ ከሾፌሮችና በየከተማው ካሉት ዘመዶች ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። የሚያጠራጥር ወሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ዕረፍቱም ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። ለብቻው የሚሄድ ሰው «እስቲ እንሞክረው» ይል ይሆናል፤ ልጆች ይዞ ግን እንዲህ ያለው ሙከራ ተገቢ አይደለም። ለልጆቹም ቀኑን ቈርጣችሁ ከመንገር ይልቅ «መንገዱ ሰላም ከሆነ» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ቢቀር እንዳይከፋቸው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ጉዞው ራሱ ለልጆች ትምህርት ነው። አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ቡሬ ትደርሳላችሁ። ከቡሬ በኋላ በጥሊሊ አድርጋችሁ ወደ እንጅባራ ስትቃረቡ፣ ዘንገና የሚባለው ሐይቅ ከመንገዱ አጠገብ ይገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ በተከፈተ ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ጥልቅ ውሃ ነው። ወርዶ እግር ማፍታታትና ልጆች እንዲያዩት ማድረግ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጣናን ሲያዩ ሁለቱን ውሃዎች ያነጻጽራሉ። ጉዟችሁ ጥር 23 ቀን ላይ የዋለ እንደ ሆነ፣ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን ነውና ተሽቀዳዳሚውንና ያጌጠውን ፈረስ ለማየት ያንኑ ቀን እዚያው ብታሳልፉት አትጸጸቱም። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቅዳምን፣ ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና መራዊን አልፎ ባሕር ዳር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሰፋው ነው። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግም አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ ከ15 ሜትር አይበልጥም። በላዩ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉበት ይነገራል፤ ብዙዎቹም ገዳማት የተመሠረቱባቸው ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን በዓለም የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። ይህን ሁሉ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አይቶ አይጨርሰውም፤ መሞከርም አያስፈልግም። መመረጥ ያለበት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው። በምርጫው ላይም አብዛኛው አባት የማያስበው አንድ ትልቅ ነገር አለ።

ይኸውም፣ ከደሴቶቹ ገዳማት ስመ ጥር የሆኑት አንዳንዶቹ ሴት የማይገባባቸው መሆናቸው ነው። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ይህ ለዘመናት የቆየ የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ ያነሣሁትም ለመተቸት አይደለም። ነገር ግን እስቲ አስቡት። አባት ዳጋን ሊያሳይ ብሎ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ሦስት ሰዓት ያህል በውሃ ላይ ተጉዞ ከዳር ይደርሳል። በዚያም ለሚስቱና ለሴት ልጁ «እናንተ እዚህ ቆዩ» ይባላሉ። ወንዱ ልጅ እየሮጠ ዳገቱን ይወጣል። የአሥር ዓመቷ ልጅ፣ ያውም የነገሥታቱን ታሪክ በትምህርት ቤት ከወንድሟ አብልጣ የምታውቀው፣ ከእናቷ ጋር በጀልባው ውስጥ ፀሐይ እየመታት ትጠብቃለች። የዚያ ቀን ነገር በልቧ ውስጥ እስከ መቼ ይቆይ ይመስላችኋል? ዕቅድ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነገር በወደቡ ላይ እንዳይደርስ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው «የትኛው ደሴት ዝነኛ ነው» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ሁላችንም የምንወርድበት የትኛው ነው» ብሎ ይጠይቅ።

ሁላችሁም የምትወርዱበት ደሴት ሞልቷል። ዐባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ ደብረ ማርያም አለች፤ ከከተማው በሞተር ጀልባ የሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ናት። ትንንሽ ልጆች ላሉት፣ ጀልባም ለሚፈራ ሰው፣ የመጀመሪያው ቀን በእርስዋ ቢጀመር መልካም ነው። በመንገዱም ላይ ጉማሬ ብቅ ሲል ይታያል፤ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ስለዚህ አብዝተው ቢያወሩ አትቈጡ። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ የሴት መነኮሳት ገዳም ናት፤ ሴትም ወንድም ይሳለምባታል። አንዳንድ ቤተሰብ እናትና ሴት ልጅ እንጦስ ሲወርዱ፣ አባትና ወንድ ልጅ ክብራንን ተሳልመው እስኪመለሱ ድረስ በየፊናቸው እንዲቆዩ ያደርጋል። ይህም አያስነቅፍም። ነገር ግን ልጅቷ ነገሩን ቤት ሳለች፣ ምክንያቱም ተገልጾላት፣ አስቀድማ ትስማው።

ከሁሉ ይልቅ ለቤተሰብ የማመሰግነው ዘጌን ነው። ዘጌ በእውነቱ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ ገብቶ የተዘረጋ ልሳነ ምድር ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ከባሕር ዳር በየብስም ይገባበታል። ስለዚህ ውሃ አልደፍርም የሚል ሰው ቢኖር ከቤተሰቡ አይለይም። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ፊደል ላልቈጠረው ሕፃን እንኳ ታሪኩን በሥዕል ያስነብበዋል። በትውፊት እንደሚነገረው ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር ላይ እርሻ እንዳይታረስ፣ ቀንድ ከብትም እንዳይረባ ከልክለዋል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። የጎጃም ልጅ ምድርን የሚያውቃት በበሬና በሞፈር ነው፤ የጤፍ ማሳ ሳያይ አላደገም። እንግዲህ ሞፈርና ቀንበር የሌለበት፣ ሰውም በዛፍ ፍሬ የሚተዳደርበት አገር ከቤቱ በአንድ ቀን መንገድ ላይ መኖሩን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ነው። መልሱን ከመነኮሳቱና ከአገሩ ሰዎች ይስማ፤ አባት ሁሉን እኔ ላስረዳ አይበል።

አንድ ቀን ሙሉ ያለው፣ ልጆቹም ከፍ ከፍ ያሉለት ሰው ደግሞ ወደ ናርጋ ሥላሴ ይሂድ። ናርጋ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቅ በሆነው በደቅ ደሴት አጠገብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ሥዕላቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲማጸኑ በግድግዳው ላይ ይታያል። ዳጋ ያልተፈቀደላት ልጅ፣ ከዚያው አጠገብ ሴት ያሠራችውን እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ታያለች። መንገዱ ግን ለመሄጃ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃልና ሕፃን ያለው ሰው አይድፈረው።

ስለ ጀልባው ጥቂት ልናገር። በመሥሪያ ቤት ለወረቀትና ለእስክሪፕቶ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ሰው፣ ጀልባ ሲከራይ የመጀመሪያውን ዋጋ ተቀብሎ ይገባል! ኪራዩ ብዙውን ጊዜ በጀልባው እንጂ በሰው ቍጥር አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ ቢተባበር ወጪው ይቀላል። የትኞቹ ቦታዎች እንደሚደረስ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ መቼም እንደሚመለስ ከመሳፈር በፊት ቍርጥ ይሁን፤ የየገዳሙ መግቢያ ክፍያም ለብቻው ይታሰብ። ለያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ መንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግቡ። ለታይታ ከመቀመጫ ሥር የተወሸቀው አይቈጠርም፤ ሲለበስ ነው። እኛ ደገኞች ውሃን የምናውቀው በምንሻገረው ወንዝ ነው፤ ዋና የሚችል ከመካከላችን ጥቂት ነው። የጣና ጠዋት የተረጋጋ ሲሆን ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ጀልባ ያንገላታል። ስለዚህ ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ፣ ቅርብ ቅርቡ ቦታ እስከ እኩለ ቀን ይጠናቀቅ። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ልጆቻችሁ ያዩታል፤ እንሳፈርበት ማለታቸውም አይቀርም። በዳር ቆሞ አሠራሩን ማየት ይበቃል። ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ወይጦዎች ናቸው፤ ሥራውን ለማየት የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ ደግሞ ክብሩ ለሁለቱም ወገን ነው። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 የታየ ነው፤ ልጆች ስለ እርሱም ይጠይቁ ይሆናል።

ማረፊያን በሚመለከት፣ የእኛ አገር ልማድ ዘመድ ቤት ማረፍ ነው። ነገር ግን ዘመድ ቤት ባረፋችሁ ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ጓዳ ትገባለች፤ ባለቤታችሁም ዝም ብላ መቀመጥ ነውር ሆኖባት አብራት ትገባለች። ሽንኵርት የምትልጠው በደብረ ማርቆስ ሳይሆን በባሕር ዳር ይሆናል፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። እናት በዓመት ውስጥ ከምድጃ የምትለይበት ቀን ስንት ነው? የተጠራቀመው ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢያንስ እንኳ ለሁለት ሌሊት ማረፊያ መክፈያና ምሳን ውጭ ለመብላት ይዋል። ዘመድ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቢጐበኝ አይቀየምም። የጀልባው ስንቅም እናት ሌሊት ተነሥታ የምታዘጋጀው አይሁን፤ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ውሃውን አባትና ትልልቆቹ ልጆች በዋዜማው ይግዙት። ከሐይቁ የሚወጣውን ቀረሶም በልጆች ፊት አጥንቱን አውጥቶ የሚያቀርበው አባት ቢሆን ማን ይከለክለዋል?

በመጨረሻ የጤናውን ነገር ላንሣ፤ ደገኛ ቤተሰብ የሚዘነጋው ይህን ነውና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን የጣና ዳርቻ ግን 1,800 ሜትር ያህል ነው። በደጋው ወባ እምብዛም ስለሌለ ልጆቻችን ደማቸው በሽታውን አይለምደውም፤ ሲይዛቸውም ይጠናባቸዋል። በጥርም ቢሆን ጨርሶ አይጠፋምና በአጎበር ተኙ፤ የማረፊያ ቤቱ አጎበር ከሌለው ወይም የተቀደደ ከሆነ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ብልሃርዝያ ነው። ይህ በሽታ በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል ነው። በዘጌ አካባቢም መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ከዳር እንዳይዋኙና እንዳይንቦጫረቁ መከልከል ያስፈልጋል። ክልከላው ያስለቅሳቸው ይሆናል፤ ከጀልባው ጫፍ ላይ ሆነው በመርጨት የሚደረገው ጨዋታ ይካሳቸው።

ወባ የተነከሰ ሰው ትኵሳቱ ወዲያው አይታይበትም፤ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ይመጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እናንተም ወደ ሥራ ተመልሳችሁ፣ ጉዞው ከተረሳ በኋላ ቢያተኵሰው፣ ብርድ መትቶት ነው ብላችሁ ቤት ውስጥ አታስተኙት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለሐኪሙም «ጣና ደርሰን መጥተናል» ብላችሁ፣ የሄዳችሁበትን ቀን ጭምር ንገሩት።